አገዳ የሚሆነው ማን ነው

ጥቅምት 12

እትዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? ጥርሴን ለጠየቅሽኝ፣ ተነቅሏል፤ ከእንግዲህ ስለ እሱ መጠየቅ አበቃ። ካፖርቱም ደርሷል። እጅጌው ልክ ነው። ትከሻው ግን ከቤት ሲወጣ የምታውቂውን ልጅ ነው የሚያክለው። ቢሆንም እለብሰዋለሁ፤ የላይኛውን ቁልፍ ብቻ ክፍት እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከሕንፃው ሥር ያለችው ፋርማሲስት ጻፈችልኝ። የወደቡ ከተማ አዲስ ሆስፒታል የስፌት ክፍሉን ኃላፊነት እንደሰጠሽ፣ መልስሽንም እስከ የካቲት መጨረሻ እንደሚጠብቁ ነገረችኝ። አንቺ ስለ ደረጃው አምፖል ጽፈሽልኛል፣ ስለ ጎረቤት ድመት ጽፈሽልኛል። ስለዚህ ግን ትንፍሽ አላልሽም። ዕድሜሽን ሙሉ የሕመምተኛ አንሶላ ስትሰፊ ኖረሽ፣ የራስሽ ክፍል ሲሰጥሽ ከጎረቤት ልስማ?

ለምን እንደማልደውል ጠይቀሽኛል። ስልክ ላይ ትዋሻለሽ። ደብዳቤ ላይ ግን ዝም ነው የምትይው፤ ዝምታሽን ደግሞ ማንበብ እችላለሁ።

እኔ የጀመርኩትን ጥናት በግንቦት እጨርሳለሁ። ከዚያ መጥቼ ከአባባ ጋር እቀመጣለሁ፤ አንቺ ትሄጃለሽ። እስከዚያ እንዲታገሱሽ ለምኚያቸው።

አባባ «ዶክተሩ እዚያ ምን ይሠራል?» ላለው እንዲህ በይው። አፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ አሜባዎች አሉ። ምግብ እያለ ሁሉም ለየራሱ ይበላል፤ ጎረቤቱን ዞር ብሎ አያየውም። ምግቡ ሲያልቅ ግን ይጠራራሉ። እልፍ ሆነው ይሰበሰቡና እንደ አንድ ትል እየተሳቡ ወደ ብርሃን ይወጣሉ። እዚያ ሲደርሱ ከአምስቱ አንዱ ያህል ቆሞ ይሞትና አገዳ ይሆናል። የቀሩት በእሱ ላይ ወጥተው ጫፉ ላይ እንደ ጠብታ ይቋጠራሉ። ስፖር የምንላቸው እነሱ ናቸው፤ የሆነ ነፍሳት እግር ይዟቸው ምግብ ወዳለበት እስኪወስዳቸው ይጠብቃሉ። እኔ የማጠናው ይህን ስምምነት ነው፤ ማን እንደሚያከብረው፣ ማን እንደሚያፈርሰው።

አባባን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 28

ጩጬዬ፣

ይገርማል፤ ጥርስህን እንዳልጠይቅ ከልክለህ አንተ ስለ ሥራዬ ትጠይቃለህ። ያቺ ፋርማሲስት ለሰው የምትሸጠውን ማደንዘዣ አንዳንዴ ለምላሷ ብትጠቀምበት ምን ነበረበት?

ያልነገርኩህ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው። አልሄድም። ሆስፒታሉ በመጋቢት ይከፈታል። እስከ ግንቦት ይታገሱኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ አይሆንም አሉ። አለቀ።

አባባ እንዳለ ነው። ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ዓመት ሊሆነው ነው። ማንኪያ መያዝ ጀምሮ ነበር፤ ተሰላችቶ ተወው። ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበር አነሳዋለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ከወንበር ወደ አልጋ። እኩለ ቀን ላይ ፋርማሲስቷ ብቅ ትላለች፤ ለዚህ ለዚህስ አልማትም። የቀረውን ጊዜ ሊፍቱን ሲያዳምጥ ይውላል። ሊፍቱ እንደገና ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው በገዛ ሕንፃው አራተኛ ፎቅ ላይ ታስሯል። ሠራተኞቹ መጥተው ሲቀጠቅጡ እሱ ከወንበሩ ሆኖ «ፍሬኑን ነው እንጂ! ፍሬኑን!» ይላል። ማን ይሰማዋል? ሄደሽ ንገሪያቸው ብሎ ላከኝ። ወርጄ ነገርኳቸው። «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ስለ ሊፍት ምን ያውቃሉ?» አሉኝ። እማማ! ፀጉሬን ለመቀባት ወስኛለሁ።

የጻፍከውን አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣

«ያው ሊፍት ነው» አለ።

«እንዴት አድርጎ?»

«ከጀርባ ሚዛን የሚጠብቅ ብረት አለ። ሰው የሚያየው የሚወጣውን ሳጥን ነው። ብረቱ ካልወረደ ግን ሳጥኑ አይወጣም።»

ከዚያ ውሃ ስጪኝ አለ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከአምስቱ አንዱ ብለሃል። ማን ይመርጠዋል? ፈቅዶ ነው ወይስ ተገፍቶ?

ካፖርቱን መልሰህ ላክልኝና ትከሻውን ላስፋልህ።

እኅትህ


ኅዳር 15

እትዬ፣

ካፖርቱን አልልክም፤ ብርዱ ገብቷል። አዎ፣ ትኩስ ነገር እበላለሁ። አዎ፣ መስኮቱን ዘግቼ ነው የምተኛው። ሁሉ ደህና ነው።

ለጥያቄሽ፣ ማንም አይመርጠውም። ረሃቡ ሲደርስ ሆዱ ባዶ ሆኖ የተገኘው አገዳ ይሆናል፤ ጠግቦ የተገኘው ከላይ ይወጣል። ደግነት የለበትም፤ ቅጣትም አይደለም። ረሃቡ ምን ላይ ሳለህ እንደደረሰብህ ነው ነገሩ።

ሆኖም ሁሉም በዚህ ስምምነት አይገዛም። ከባዕድ ጋር ሲቀላቀል ከአገዳው ድርሻውን የማይሸከም ዘር አለ። ሌሎቹ ይቆሙለታል፣ እሱ ይወጣል። አጭበርባሪ እንለዋለን። ከዘመዶቹ ጋር ብቻ ሲሆን ግን ማጭበርበር አያዋጣውም፤ አገዳ የሚያጣው የገዛ ወገኑ ነውና አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ በእኛ ላብራቶሪ ደንቡ አንድ ነው፦ እያንዳንዱን ዘር ለብቻው ማሳደግ፣ ወደ አዲስ የማሳደጊያ ሳህን ሲዛወርም በመርፌ ጫፍ ከተነሳች ከአንዲት ስፖር እንደገና መጀመር። ያኔ የሚያድጉት ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አንገት ይሰብራል።

ጥናቴን የሚመሩት ፕሮፌሰሯ ከጉዞ ተመልሰዋል። ሁሉ ደህና ነው። ለአባባ ማንኪያውን መልሶ እንዲይዝ ንገሪው። እዚህ ሁሉ ደህና ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

ጩጬዬ፣

በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ «ሁሉ ደህና ነው» ብለሃል። የእጅ ጽሑፍህም አምሯል። አንተ ጽሑፍህ የሚያምረው ፈተና ስትወድቅ ነው።

ምንድን ነው የተበላሸው?

እኅትህ


ታኅሣሥ 20

እትዬ፣

ለአንቺ መዋሸት የሊፍት በር በእግር እንደማስቆም ነው፤ ትንሽ ይይዛል እንጂ አይዘልቅም።

የክፍል ባልደረባዬ በክረምቱ ወልዳ ነበር። እስክትመለስ የእሷንም ሳህኖች እኔ ነበርኩ የምይዘው። በዝቶብኝ ለራሴ አቋራጭ አበጀሁ። የእሷን በደንቡ እያዛወርኩ የራሴን ዘሮች በሙሉ አንድ ላይ ቀላቀልኳቸው። እያንዳንዱ ዘር ቀለም አለው፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ይለያል። ኋላ እነጥላቸዋለሁ፣ አሁን በጅምላ ላሳድጋቸው አልኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንዲት ስፖር ከመልቀም ጭልፋ ሙሉ ማዛወር ይቀላል።

ኅዳር ላይ ነጣጠልኳቸው። እያንዳንዱን ለየብቻው አስራብኩና ጠበቅኩ። ተጠራሩ። ተሰበሰቡ። ከዚያ ተኙ። ሳህኑ ላይ እንደፈሰሰ ሾርባ ተዘርግተው ቀሩ፤ ቀና ያለ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ሌላው እንዲቆምለት ይጠብቃል።

ፕሮፌሰሯ በማይክሮስኮፑ ረዘም ላለ ጊዜ አዩና፣ «ስንት ጊዜ ነው እየቀላቀልክ ያዛወርከው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲያው ክረምቱን ሙሉ አጭበርባሪ ስታረባ ነው የከረምከው» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ስፖሮች ደርቀው ተቀምጠዋል። ከእነሱ፣ ከአንድ አንድ ፍሬ፣ እንደገና መጀመር አለብኝ። ይህ ማለት ግንቦት አልጨርስም ማለት ነው። የሚመጣው ዓመት ግንቦት ነው።

ይህን ወረቀት ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ የቤታችን አገዳ አንቺ ነሽ። እኔ ጫፉ ላይ ተቀምጬ ስለ አገዳ አጠናለሁ። ይቅርታሽን እንዴት እንደምጠይቅ አላውቅም።

እውነት እውነቱን ንገሪኝ፣ ሥራውን ትፈልጊዋለሽ?

ወንድምሽ


ጥር 9

ጩጬ፣

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ሰው ክረምቱን ሙሉ የሁለት ሰው ሥራ ሠርቶ ቢሳሳት አይገድሉትም።

አገዳ ያልከኝን ግን መልሰህ ውሰድልኝ። አገዳው የሞተ ነው ብለህ የጻፍክልኝ አንተው ነህ። እኔ ትናንት የቀዶ ጥገና ጋውን ስቆርጥ ውዬ፣ ከልብስ አጣቢዎቹ ጋር ሆዴን እስኪያመኝ ስቄ፣ አዲስ ጫማ አድርጌ ተረከዜ ተልጦ ነው የገባሁት። የሞተ ሰው ተረከዙ አይላጥም። ልታዝንልኝ ከፈለግህ ሌላ ስም ፈልግ።

እፈልገዋለሁ ወይ ብለሃል። እፈልገዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ስልክ ቢሆን አይወጣኝም ነበር። እዚህ ያለነው ከልብስ ማጠቢያው ሥር ነው፤ መስኮት የለንም። የላዩ ማሽን ሲሽከረከር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥና መርፌዬ ትስታለች። እዚያ አንድ ሙሉ ጥቅል ጨርቅ የሚዘረጋበት የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ አሉ። ልብስ ሰፊዎቹን የምመርጠው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ በእኔ ልክ የሆነ ክፍል ማቋቋም እፈልጋለሁ። ከዚህ በላይ ትልቅ ምክንያት የለኝም።

አባባን አብረን እንሂድ ብዬው ነበር።

«በምን ልውረድ? በጀርባሽ?»

«ሊፍቱ ሲሠራ ነዋ።»

«እነዚያ ልጆች የነካኩት ሊፍት ውስጥ እኔ አልገባም። አንቺ ሂጂ።»

«ማን ያነሳሃል?»

«ተኝቼ እቆያለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትመጪ።»

ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እየቀለደ ይሁን የምሩን ይሁን እስካሁን አላወቅኩም።

አንዲት አስታማሚም አምጥቼ ነበር፤ ጠንካራ፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴትዮ። በማግስቱ «ጆንያ ነው እንዴ የምታነሺው?» አላት። እሷም «ጆንያስ አይሳደብም» ብላው ሄደች። እውነቷን ነው፤ ሸኝቻታለሁ።

ስለዚህ የካቲት ሲያልቅ እምቢ ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። አንተ ስፖርህን ልቀም። አንገትህን ግን በየመሃሉ ቀና አድርግ።

እኅትህ


ጥር 27

እትዬ፣

እምቢ ብለሽ እንዳትጽፊ። ጽፈሽ ከሆነ ተሳስቼ ነው በያቸው።

ፕሮፌሰሯ ዘንድ ገብቼ፣ «የደረቁት ስፖሮች ምን ያህል ጊዜ ይቆያሉ?» አልኳቸው። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለጀማሪዎቹ የማስተምረው እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው አፍ መስማት ፈልጌ ነው። «ዓመታት» አሉ። «ምን አስበህ ነው?» አሉኝ። ስለ አባባ፣ ስለ አንቺ፣ ስለ መቁረጫው ጠረጴዛ ነገርኳቸው። «የተበላሸውን ራሱን ጻፈው፤ ምን እንደተፈጠረ በደንብ ከተጻፈ እሱም ጥናት ነው። ለመጻፍ ላብራቶሪ አያስፈልግህም» አሉኝ። ፈቃድ ሰጥተውኛል።

የወለደችው ባልደረባዬ የእኔን የስፖር ብልቃጦች እሷ ልትይዝ ነው። «የእኔን እንዳይበላሽ ብለህ የራስህን አበላሸህ፤ አሁን ደግሞ ተራዬ ነው» አለችኝ። ልጇ ጥርስ ማብቀል ጀምሯል፤ እሷ እንቅልፍ የላትም፤ ያም ሆኖ ቃሏን ሰጠችኝ።

ስፖር ይጠብቃል። የስፌት ክፍል አይጠብቅም። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ደግ ልሁን ብዬ አይደለም። አሜባዎቹ ተራ መግባት አይችሉም፤ አንዴ አገዳ የሆነ ሆኖ ይቀራል። እኛ ግን እንችላለን። እስካሁን ይህን አለማሰቤ ነው የሚያሳፍረኝ።

የካቲት 14 እደርሳለሁ። ስትሄጂ እንዳትፈሪ አንድ ሁለት ሳምንት አብሬሽ ልሥራና አሳዪኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 6

ጩጬዬ፣

አልጠራሁህም። ይህ በደንብ ይታወቅ። ግን ና።

እሺ ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። ፖስታውን ሳጥን ውስጥ ከከተትኩ በኋላ እጄን አስገብቼ ላወጣው ሞከርኩ፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው።

አባባ ስነግረው «ዶክተሩ ራሱን ማንሳት ይችላል?» አለ። ደስ ብሎታል ማለት ነው። በማግስቱ ጢሜን አትላጪኝ፣ እሱ መጥቶ ይላጨኝ ብሎ እምቢ አለኝ። እስክትደርስ አንበሳ መስሎ ነው የሚጠብቅህ።

ከመምጣትህ በፊት እንድትለማመድ ልጻፍልህ። ቀበቶ ወገቡ ላይ ታስርለታለህ፤ የምትይዘው ቀበቶውን ነው፤ ክንዱን እንዳትጎትት። ጉልበትህን ከደካማው ጉልበቱ ፊት ትገትራለህ። «ተነስ» አትበለው፣ ይናደዳል። «እንሂድ» ነው የሚባለው። በወገብህ አታንሳ፣ በእግርህ። ስታዞረው እግሩ ቀድሞ መዞር አለበት። ከባልደረቦችህ አንዱን ወንበር ላይ አስቀምጠህ ሞክር። ይሳቁብህ።

ስትመጣ ቤቱ ጠቦ ይታይሃል። ያደግኸው አንተ ነህ እንጂ ቤቱ እንዳልጠበበ አውቀህ ግባ።

እኅትህ


መጋቢት 24

እትዬ፣

እንግዲህ ፋርማሲስቷ ቀድማኛለች፤ መውደቁን ጽፌላታለሁ ብላኛለች። ስለ ምላሷና ስለ ማደንዘዣው እውነትሽን ነበር።

አዎ፣ ወድቋል። ሁለታችንም ወድቀናል። አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ሳምንት ነው። አልጻፍኩልሽም፤ ምክንያቱም ሳታነቢው ሻንጣ እንደምታነሺ ስለማውቅ። አሁን አንብቢው፦ አልተሰበረም። ክርኑ ተፍቋል። ሐኪም መጥቶ አይቶታል፤ የጻፈልሽን ማስታወሻ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ቀበቶው ልክ ነበር፣ ጉልበቴም ልክ ነበር። «እንሂድ» አልኩት። ተነሳ። ከዚያ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ጠየቀኝና ልመልስለት ቀና አልኩ። በቃ። ከሥር ሆኜ ተቀበልኩት፤ ደግነቱ እኔ ወፍሬያለሁ። ወለሉ ላይ ተጋድመን ቀረን። ከዚያ ሆዱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ እያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው።

«ዶክተር፣ አገዳህ ተኛ» አለኝ።

ላነሳው ብሞክር አልቻልኩም። «ከባድ ነገር በአንድ ትንፋሽ አይነሳም፤ ትራስ አምጣ» አለኝ። ደህና እግሩን ይገፋል፣ እኔ በብብቱ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ጣት የምታህል ሲነሳ በእግሬ ትራስ ከሥሩ እገፋለሁ። እናርፋለን። እንደገና። ትራሱ ሲያልቅ የሶፋውን ድጋፎች፣ ከዚያ የአንቺን የክረምት ብርድ ልብስ አጣጥፌ ጨመርኩ። ወንበሩ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም በላብ ታጥበን ነበር። ግራ እጁ ሸሚዜን ጨምድዶ ይዟል። ግራ እጁ፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያስለቀቅኩት።

በማግስቱ ፈራሁ፤ አልጋው ላይ ላቆየው ፈለግኩ። «ና እንሂድ» አለኝ እሱ። ሄድን። ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ ነው የማነሳው፤ የሚያወራው እሱ ብቻ ነው።

እንዳትመጪ። እኔ ብቻ አይደለሁም ያልኩት። ልጻፍላት ስለው እንዲህ ብለህ ጻፍ አለ፦ «ብትመጪ ማን እንደሚያነሳኝ ትጣላላችሁ። አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይዞ ይጎትተኛል። ለሁለት ሰው አልነሳም።»

እኔ እየጻፍኩ ነው። ገጽ በገጽ ሲገፋ ስለ ውድቀት መጻፍም ይለመዳል። ባልደረባዬ ብልቃጦቹ ደህና ናቸው ብላለች፤ የእሷን አምናለሁ።

አንቺስ? ጠረጴዛው እንዳሉሽ ነው? ሰፊዎቹን አገኘሽ? ምን ትበያለሽ? ደብዳቤሽ ሁሉ ስለ አባባ ነው፤ ስለ ራስሽ አንድ መስመር የለበትም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 5

ጩጬዬ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከአውቶቡስ ጣቢያ ስመለስ ነው። እውነቱን ልንገርህ። የፋርማሲስቷን ወረቀት እንዳነበብኩ ፈቃድ ጠይቄ፣ ቲኬት ቆርጬ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ሩቅ ነው የምትሄጂው ልጄ?» አሉኝ። «አባቴ ጋ ነው» አልኩ። «ታመው ነው?» ሲሉኝ «ወድቆ ነው፤ ወንድሜ ጥሎት» አልኩ።

ይህን ከአፌ ስሰማው አመመኝ። እኔስ ስንት ጊዜ ጥዬዋለሁ? በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ፤ አልጻፍኩልህም። ያኔ አንተ እየሮጥክ ብትመጣና ከእጄ ብትወስደው፣ ዛሬ እሱን ማንሳት የሚችል ሰው በዚያ ቤት አይኖርም ነበር። ብመጣ እወስድብሃለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አንዴ ከወሰድኩት ደግሞ መልሼ አልሰጥህም። ይቅርታ ብያቸው ወረድኩ። ሾፌሩ ቲኬቱ አይመለስም አለ። ይቅር አልኩት።

የክርኑን ቁስል በሞቀ ውሃ እጠብለት፣ አትሸፍነው፣ ይተንፍስ። ይህን ሳልል ማለፍ አልቻልኩም።

ስለ እኔ ለጠየቅኸው፣ ጠረጴዛው ካሉኝ ይበልጣል። ጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ መራመድ ያስፈልጋል። ሰባት ሰፊዎች አሉኝ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ፤ ሁሉም ቀጥ ያለውን አንሶላ ይፈልጋል፣ የጋውኑን አንገት የሚነካ የለም። ዞር ስል ክምሩ ውስጥ እየቆፈሩ ቀላል ቀላሉን ሲመርጡ ያዝኳቸው። አልጮህኩም። ተቀምጬ አንገቱን ራሴ ሰፋሁ፤ በማግስቱ በተራ ነው አልኳቸው፣ እኔንም ጨምሮ። አጉረመረሙ። አንዷ፣ ምላሰኛዋ፣ «ኃላፊም ተራ ይገባል እንዴ?» አለች። «ይገባል፤ ሲደርስሽ ግን እንዳታመልጪኝ» አልኳት። አሁን ከሁሉ ይበልጥ አንገት የምታሳምረው እሷ ነች።

የምኖርበት ክፍል ትንሽ ነው፤ ባሕሩ አይታይም፣ ይሸታል እንጂ። ማታ ስገባ ገና እጄ የሚያነሳው ሰው ይፈልጋል። ቆሜ ነበር የምበላው። አሁን ቁጭ ብዬ መብላት እየለመድኩ ነው።

ከመጣሁ ጀምሮ ልብሴን የማወጣው ከሻንጣ ነበር። ትናንት ከጣቢያው እንደተመለስኩ ሁሉንም አውጥቼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀልኩት። ሻንጣውን ለምላሰኛዋ ሰጠኋት፤ ለእናቷ ዕቃ የምትልክበት አጥታ ነበር።

አባባን በሁለቱም ጉንጮቹ ሳምልኝ።

እኅትህ